ራሱን የማያስተዋውቅ መሣሪያ፦ የቀድሞ ሃርድዌር ባሶችን ለከርነል ስለ መግለጽ

(ደብረ ታቦር ላይ ለተማሪዎችና ለመምህራን በቃል የቀረበ ገለጻ፤ ለንባብ እንዲመች በጥቂቱ ተስተካክሎ የተጻፈ)



ዛሬ የምናገረው ጠባብ ስለሚመስል አንድ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ሲበራ ከርነሉ፣ ማለትም የስርዓተ ክወናው እምብርት፣ በማሽኑ ውስጥ ምን ምን መሣሪያ እንዳለና እያንዳንዱ የት እንደሚገኝ በምን ያውቃል? ፍላሽ ሰክቶ ወዲያው ስሙን በስክሪኑ ላይ የሚያነብ ሰው ይህ ጥያቄ ላይመጣለት ይችላል፤ ዕቃው ራሱ መልስ ሰጥቶለታልና። በዩኤስቢ የሚገናኝ መሣሪያ ሲጠየቅ አምራቹንና ዓይነቱን የመናገር ግዴታ አለበት። እኔ ልነግራችሁ የመጣሁት ግን ተጠይቀው ስለማይመልሱት ነው።

መሣሪያዎችን ከፕሮሰሰሩ ጋር የሚያገናኘውን የጋራ መስመር ባስ እንለዋለን። ከከርነል ጸሐፊ ወንበር ሲታዩ ባሶች ሁለት ወገን ናቸው። ኔትቢኤስዲ የተባለው ስርዓተ ክወና አዘጋጆች ልዩነቱን ቀጥተኛ እና ቀጥተኛ ያልሆነ ውቅር በማለት ይገልጹታል፤ ከዚህ የተሻለ አጠራር አላገኘሁም። በመጀመሪያው ባሱ «በዚህ ስፍራ ይህ አለ» ይላል፤ ከርነሉም የሚስማማውን ድራይቨር ይፈልግለታል። በሁለተኛው ባሱ ዝም ይላል፤ ድራይቨሩ ራሱ «የእኔ ዕቃ እዚህ ይኖር ይሆን?» እያለ በር ለበር መዞር አለበት፤ ወይም ሌላ አካል አስቀድሞ ሊነግረው ይገባል። የገለጻዬ ነገር ሁሉ በዚያ «ሌላ አካል» ላይ ያርፋል።

ዝምተኛው ባስ በይበልጥ የሚታወቀው አይ.ኤስ.ኤ. በሚለው ስሙ ነው። መነሻው አይ.ቢ.ኤም. እ.ኤ.አ. በነሐሴ 1981 ለገበያ ያቀረበው ፒሲ ነው፤ አምስት መሰኪያዎች ነበሩት፣ በአንድ ጊዜ የሚያስተላልፈውም 8 ቢት ነበር። በ1984 የወጣው ኤ.ቲ. የተባለው ማሽን ወደ 16 ቢት አሳደገው። አይ.ኤስ.ኤ. የሚለው ስም ራሱ የተሰጠው ከዚያ በኋላ፣ በ1988፣ ተፎካካሪ ኩባንያዎች ተባብረው ነው።

አሠራሩ በነጋሪት ይመሰላል። አዋጅ ነጋሪ በገበያ መሐል ቆሞ የአንድ ሰው ስም ሲጠራ ገበያተኛው ሁሉ ይሰማል፤ «አቤት» የሚለው ግን የተጠራው ብቻ ነው። ፕሮሰሰሩም አንድ ቁጥር በመስመሩ ላይ ያወጣል፤ ካርዶቹ ሁሉ ያዩታል፤ ቁጥሩ የእኔ ነው የሚለው ካርድ ይመልሳል። ያ ቁጥር የፖርት አድራሻ ይባላል። ሁለት ካርዶች አንድ ቁጥር ከያዙ ሁለቱም በአንድ አፍ ይመልሳሉ፤ የሚሰማውም የተደበላለቀ ነገር ነው። ቁጥሩን የያዘ ከሌለ ደግሞ «የለም» የሚል መልስ አይመጣም፤ መስመሩ ባዶውን ይንሳፈፍና ብዙውን ጊዜ ሁሉም ቢት አንድ ሆኖ ይነበባል። ባዶ ስፍራና ሁሉም ቢት አንድ የሆነበት እውነተኛ መልስ በዓይን አይለዩም።

ካርዱ ቁጥሩን ከየት አገኘው? ከሰው እጅ። በካርዱ ላይ ጃምፐር የሚባሉ ጥቃቅን የብረት ድልድዮች ወይም ትንንሽ ማብሪያ ማጥፊያዎች ነበሩ፤ ካርዱን የሚተክለው ሰው እነርሱን እያስተካከለ አድራሻውንና የኢንተራፕት መስመሩን ይመርጥ ነበር። ኢንተራፕት ስል መሣሪያው ፕሮሰሰሩን «ሥራህን አቋርጥና ስማኝ» የሚልበትን ሽቦ ማለቴ ነው። ስለዚህ የማሽኑ እውነተኛ ካርታ የነበረው በቴክኒሻኑ ጭንቅላት ውስጥ፣ ቢበዛ በካርዱ ሣጥን ውስጥ በነበረች ቁራጭ ወረቀት ላይ ነበር። ወረቀቷ ከጠፋች ቀሪው ምስክር ጃምፐሩ ብቻ ነው፤ እርሱን ለማየትም የኮምፒውተሩን ክዳን መክፈት ግድ ይላል።

ቦታውም ጠባብ ነበር። ፕሮሰሰሩ 65,536 ፖርቶችን መጥራት ቢችልም፣ ዋጋ ለመቆጠብ ሲባል አብዛኞቹ ካርዶች ከአድራሻው ውስጥ የመጨረሻዎቹን 10 ቢቶች ብቻ ይመለከቱ ነበር። በተግባር የቀረው 1,024 ፖርት ሆነ። በ16 መሠረት አቆጣጠር 300 ላይ የተቀመጠ ካርድ 700 ሲጠራም ይመልሳል፤ ከስሙ ግማሹን ብቻ የሚያዳምጥ ሰው በማይመለከተው ሁሉ «አቤት» እንደሚል ማለት ነው። (ከዚህ በኋላ የምጠራቸው የፖርት ቁጥሮች ሁሉ በ16 መሠረት ናቸው።)

እንግዲህ ከርነል ለሚጽፍ ሰው የመጀመሪያው ፈተና «እየዞሩ መጠየቅ» ነው። የሊኑክስ የቀድሞ የኔትወርክ ድራይቨሮች ይህን ያደርጉ ነበር። ኤን.ኢ.2000 ለተባለው በጣም የተስፋፋ የኔትወርክ ካርድ የተጻፈው ድራይቨር 300፣ 280፣ 320፣ 340 እና 360 የተባሉትን ፖርቶች በተራ ይጎበኛል፤ በየደጃፉም የካርዱን መለያ ምልክት ይፈልጋል። በአንደኛው ቢያገኘው እሰየው። ነገር ግን በዚያ ደጃፍ የሚኖረው የኔትወርክ ካርድ ባይሆንስ? የድምፅ ካርድ፣ የዲስክ መቆጣጠሪያ ወይም የቤተ ሙከራ መለኪያ ቢሆንስ?

እዚህ ላይ ጥቂት ልቆይ፤ ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያልፉት ነጥብ ይህ ነውና። በፕሮግራም ትምህርት «ማንበብ አይጎዳም፤ የሚጎዳው መጻፍ ነው» ብለን እናምናለን። በሚሞሪ ዘንድ እውነት ነው። በመሣሪያ ዘንድ ግን እውነት አይደለም። በመሣሪያ ፖርት ላይ ማንበብ ራሱ ድርጊት ሊሆን ይችላል፦ የመጣውን ፊደል ከወረፋው ያወጣል፤ የተነሣውን የኢንተራፕት ምልክት ያጠፋል። በኤን.ኢ.2000 ካርድ ላይ ከመነሻው 1ኤፍ ርቀት ያለውን ፖርት ማንበብ ካርዱን እንደ አዲስ ያስነሣዋል። ስለዚህ የዋህ የሚመስለው ጥያቄ የማይመለከተውን ዕቃ ሊያውክ፣ ማሽኑንም ሊያደርቅ ይችላል። ሊኑክስ «በዚህ ክልል ማንም አይጠይቅ» የሚል ትእዛዝ ሲነሣ የሚቀበልበት መንገድ የተሠራለት በዚሁ ምክንያት ነው።

ማድረቅስ ይሁን፤ ማሽኑ ጠፍቶ ሲበራ ይመለሳል። ከዚያ የከፋም ሆኗል። በ2000ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) የሙቀት መለኪያዎችን ለማግኘት ኤስ.ኤም.ባስ የተባለውን ትንሽ ባስ እየዞረ የሚፈትሽ ኤል.ኤም. ሴንሰርስ የተባለ የሊኑክስ ፕሮግራም በአንዳንድ የአይ.ቢ.ኤም. ቲንክፓድ ላፕቶፖች ውስጥ ያለውን አንድ ልዩ የማስታወሻ ቺፕ ያበላሽ ነበር። የመፈተሻው ጥያቄ ለዚያ ቺፕ የጽሕፈት ትእዛዝ ሆኖበት፣ ማሽኑ እንዳይነሣ የሚያደርግ ጉዳት አስከተለ። አዘጋጆቹ በእነዚያ ላፕቶፖች ላይ ፕሮግራሙ እንዳይሠራ ማገድ ግድ ሆነባቸው። ማንም ክፉ አላሰበም፤ የጠየቀው ፕሮግራም ማንን እንደሚጠይቅ አላወቀም እንጂ።

መፍትሔ ፍለጋው ሁለት መንገድ ያዘ። አንዱ ዝምተኞቹን ማናገር ነው። በ1993 ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ያወጡት «ተሰካና ሥራ» የተባለው የአይ.ኤስ.ኤ. ደንብ በእኔ ግምት ከዚያ ዘመን ብልሃቶች ሁሉ የላቀው ነው። ችግሩን አስቡት፦ ካርዶቹ ሁሉ ስም የላቸውም፤ ሁሉም በአንድ ላይ ይሰማሉ፤ አንዱን ለይቶ መጥራት አይቻልም። ደንቡ ለእያንዳንዱ ካርድ 72 ቢት ያለው መለያ ሰጠ። ከርነሉ «መለያችሁን ቢት በቢት ተናገሩ» ይላል። ቢቱ አንድ የሆነለት ካርድ በመስመሩ ላይ ምልክት ያወጣል፤ ቢቱ ዜሮ የሆነበት ዝም ብሎ ያዳምጣል። ዝም ያለው የሌላውን ምልክት ከሰማ ከዙሩ ይወጣና ቀጣዩን ይጠብቃል። በዙሩ መጨረሻ አንድ ካርድ ብቻ ይቀራል፤ እርሱም ተራ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ከዚያ ለቀሩት ውድድሩ እንደገና ይጀመራል።

የትኛውን ፖርት ለዚህ ጥሪ እንደመረጡም ልብ በሉ፦ 279ን። ይህ የሁለተኛው ፕሪንተር የሁኔታ ማሳያ ፖርት ነው፤ ለማንበብ ብቻ የተሠራ ስለሆነ በላዩ መጻፍ ነባሩን ፕሪንተር አይነካውም። የመጻፊያው ፖርት ደግሞ ኤ79 ነው፤ 10 ቢት ብቻ ለሚያዩት አሮጌ ካርዶች ይህም ያው 279 ነው። ቀደም ብዬ እንደ ጉድለት የቆጠርኩት ነገር እዚህ መሸሸጊያ ሆኖ አገለገለ።

በ1992 በኢንቴል የተጀመረው ፒ.ሲ.አይ. ጉዳዩን ከሥሩ ፈታው። እያንዳንዱ መሣሪያ 256 ባይት ያለው የመግለጫ ስፍራ አለው፤ ከርነሉ በየመሰኪያው ገብቶ የአምራቹን ቁጥር ያነባል፤ ሁሉም ቢት አንድ ከሆነ በዚያ ማንም የለም ማለት ነው፤ ያ ቁጥር ለማንም አምራች አይሰጥምና። በዚህ ላይ አልቆይም፤ በትምህርታችሁ ታገኙታላችሁ።

ሁለተኛው መንገድ ዝምተኞቹን ዝም እንዳሉ ትቶ ስለ እነርሱ የሚመሰክር ሰነድ ማዘጋጀት ነው። በግል ኮምፒውተሮች ዘንድ ይህ ሰነድ ኤ.ሲ.ፒ.አይ. ይባላል፤ በታኅሣሥ 1996 በኢንቴል፣ በማይክሮሶፍትና በቶሺባ ወጣ። የማዘርቦርዱ አምራች «በዚህ ማሽን ላይ ይህ ዓይነት የሲሪያል ፖርት አለ፤ አድራሻው ከ3ኤፍ8 ጀምሮ 8 ፖርት ነው፤ ኢንተራፕቱ 4 ነው» ብሎ በሠንጠረዥ ጽፎ በማሽኑ ውስጥ ያስቀምጣል። ከርነሉ መዞሩን ትቶ ሠንጠረዡን ያነባል። በሌላው ወገን ኦፕን ፈርምዌር ከተባለው የ1994 ደረጃ የተወለደው ዲቫይስ ትሪ፣ ማለትም የመሣሪያዎች ዛፍ፣ አለ። ሊኑክስ ለፓወር ፒሲ ማሽኖች ተቀብሎት ቆይቶ፣ በ2011 ሊኑስ ቶርቫልድስ በአርም ፕሮሰሰሮች ኮድ መዝረክረክ ላይ ካሰማው ብርቱ ቅሬታ በኋላ በአርም ዓለምም ተስፋፋ። የቅሬታው ፍሬ ነገር ቀላል ነበር፦ የእያንዳንዱ ቦርድ መግለጫ በከርነሉ ኮድ ውስጥ እየተጻፈ ከርነሉ የቦርዶች መዝገብ ቤት ሆነ።

የዛፉን አሠራር በምናውቀው ነገር ላስረዳ። በክልላችን የገጠር መሬት ይዞታ መመዝገብ ሲጀመር በደብተሩ ላይ ማሳው በአዋሳኞቹ ይገለጽ ነበር፦ በምሥራቅ እገሌ፣ በምዕራብ እገሌ፣ በሰሜን መንገድ፣ በደቡብ ወንዝ። ማሳው ከስፍራው ሳይነቃነቅ አዋሳኙ ቢሞት ወይም መሬቱ ለልጁ ቢተላለፍ መግለጫው ያረጃል። ዲቫይስ ትሪም አድራሻን የሚገልጸው በዝምድና ነው፤ ዝምድናው ግን ከጎረቤት ጋር ሳይሆን ከወላጅ ጋር ነው። በዛፉ ውስጥ የአይ.ኤስ.ኤ. ባስ ቅርንጫፍ አለ፤ በሥሩ የሲሪያል ፖርቱ «እኔ በፖርት ወገን፣ 3ኤፍ8 ላይ፣ 8 ስፋት አለኝ» ብሎ ይመዘገባል። «በፖርት ወገን» የሚለው ቃል አስፈላጊ ነው፤ በአይ.ኤስ.ኤ. ላይ 3ኤፍ8 የሚባል የፖርት ቁጥርም የሚሞሪ ስፍራም ሊኖር ይችላልና፣ ደንቡ ከአድራሻው ፊት ወገኑን የሚለይ አንድ ቁጥር ያስቀምጣል፦ ለፖርት 1፣ ለሚሞሪ 0።

ቀጥሎ የቅርንጫፉ ራስ ላይ አንድ የመተርጎሚያ መስመር ይጻፋል፦ «በልጆቼ ዘንድ የፖርት ዜሮ የሆነው በወላጄ ዘንድ ይህን ያህል አድራሻ ነው»። ይህ ለምን አስፈለገ? ፓወር ፒሲና አርም የተለየ የፖርት ትእዛዝ የላቸውም፤ የፖርቶቹ ዓለም በሚሞሪ ካርታው ላይ እንደ አንድ መስኮት ይከፈታል፤ መስኮቱ የት እንደሚከፈት ደግሞ በየቦርዱ ይለያያል። ቦርዱ ተለውጦ መስኮቱ ቢዛወር የሚታረመው ያች አንድ መስመር ብቻ ናት፤ በሥሯ ያሉት ሁሉ እንዳሉ ይቆያሉ። አዋሳኝን ትቶ ወላጅን መያዝ የሚያስገኘው ጥቅም ይህ ነው።

ሰነድ ግን ምስክር እንጂ ዕቃው ራሱ አይደለም፤ ምስክርም ይሳሳታል። ኤ.ሲ.ፒ.አይ. «በዚህ ማሽን የቀድሞው የኪቦርድ መቆጣጠሪያ አለ» የምትል አንዲት ቢት አለችው። በአምራቾች ዘንድ አሞላሏ የማይታመን ስለሆነ ሊኑክስ በእርሷ ብቻ አይፈርድም፤ የኪቦርድ ድራይቨሩም «ይህ ሞዴል እንዲህ ስለሚያደርግ እንዲህ አድርግ» የሚል፣ በላፕቶፕ ስም የተደረደረ ረጅም የማረሚያ ዝርዝር ተሸክሟል። በእኔ አስተያየት ከከርነል ኮድ ሁሉ ስለ ዓለም እውነቱን የሚናገረው እንደዚህ ያለው ዝርዝር ነው፤ የሚወደው ባይኖርም።

ሰነድም ጠያቂም ለሌለው ካርድስ? ሊኑክስ በ2006 ለዚህ አንድ ትንሽ ክፍል አገኘ፤ ሬኔ ኸርማን የተባለ ፕሮግራመር ለአሮጌ የድምፅ ካርዶች ሲል የጻፈው ነው። በተለመደው ሥርዓት ባሱ መሣሪያውን ያስመዘግባል፤ ድራይቨሩ ይመጣና ይረከባል። እዚህ ግን ድራይቨሩ «ቢበዛ ይህን ያህል ካርድ ሊኖረኝ ይችላል» ብሎ ይቀርባል፤ ከርነሉም ያንኑ ያህል ባዶ መዝገብ ይከፍትለትና ለእያንዳንዱ «ይህ የአንተ ነውን?» ብሎ መልሶ ራሱን ድራይቨሩን ይጠይቀዋል። ድራይቨሩ የሚመልሰው ተጠቃሚው በሰጠው አድራሻ መሠረት ነው። አንዳንዶች ይህን አሠራር የተገለበጠ ይሉታል። እኔ ግን ሐቀኛ እለዋለሁ፤ ከሰውየውና ከድራይቨሩ በቀር የሚያውቅ አለመኖሩን ሳይሸፍን ይናገራልና።

«ይህ ሁሉ ያለፈ ታሪክ ነው» የሚል ካለ፣ ሊኑክስ በተጫነበት ላፕቶፑ ላይ ፕሮክ በሚባለው ማውጫ ውስጥ አይኦ-ፖርትስ የተባለውን ፋይል በአስተዳዳሪ ሥልጣን ይክፈት። 40 ላይ የሰዓት ቆጣሪውን፣ 60 እና 64 ላይ የኪቦርድ መቆጣጠሪያውን፣ 70 ላይ የቀን መቁጠሪያውን ሊያገኝ ይችላል፤ እ.ኤ.አ. በ1984 በነበሩበት ስፍራ። መሰኪያው ጠፋ እንጂ ባሱ አልጠፋም፤ ኢንቴል በ1998 ያወጣው ኤል.ፒ.ሲ. የአይ.ኤስ.ኤን ጥሪ በጥቂት ሽቦዎች ላይ አጥፎ አስቀጠለው። በኪሳችሁ ባለው ስልክም አይ2ሲ የተባለው፣ ፊሊፕስ በ1982 ያወጣው ባስ አለ፤ በእርሱ ላይ የተሰካው የእንቅስቃሴ መለኪያ ስሙን አይናገርም፤ ስልኩ የሚያውቀው በዲቫይስ ትሪ ውስጥ ስለተጻፈለት ነው።

ነገሩ ለእኛ ከመማሪያ ርዕስነት ያለፈ የሚሆነው በቤተ ሙከራ ነው። አንድ ስሙን የማልጠቅሰው የአፈር ምርመራ ክፍል ውስጥ ያየሁት መለኪያ መሣሪያ ሙሉ ጤነኛ ነው፤ የተያያዘበት ኮምፒውተር ግን ሞቷል። መሣሪያው የሚናገረው በአንድ የአይ.ኤስ.ኤ. ካርድ በኩል ብቻ ስለሆነ «አሮጌ» ተብሎ ጥግ ይዟል። ያረጀው መሣሪያው አይደለም፤ የጠፋው ካርዱ የት እንደተቀመጠ የሚናገር ምስክር ነው። ጃምፐሩ ግን እስከ አሁን በካርዱ ላይ አለ፤ ሊነበብም ይችላል።

ከገለጻው በኋላ ከተነሡት ጥያቄዎች ሁለቱ

ጥያቄ፦ እንዲህ ያለውን ካርድ በዩኤስቢ ማገናኛ ወደ አዲስ ላፕቶፕ ማዛወር አይቻልም?

መልስ፦ ከነባሩ ሶፍትዌር ጋር አብዛኛውን ጊዜ አይሠራም። ነባሩ ፕሮግራም ፖርቱን በቀጥታ ጠርቶ መልሱን ወዲያው ይጠብቃል፤ ዩኤስቢ ግን መልእክቱን በጥቅል አድርጎ በራሱ ጊዜ ያደርሳል። የሚሻለው የአይ.ኤስ.ኤ. መሰኪያ ያለውን የኢንዱስትሪ ማዘርቦርድ መፈለግ ነው፤ ፒሲ/104 የተባሉት ትንንሽ ቦርዶችም ያንኑ ባስ ይናገራሉ፣ የካርዱ ቅርጽ ግን ሌላ ነው። ለብዙ የመለኪያ ካርዶች ሊኑክስ ውስጥ ኮሜዲ የተባለ የድራይቨር ስብስብ አለ፤ በ2021 ከሙከራው ክፍል ወጥቶ ወደ ዋናው የከርነል ኮድ ገብቷል። አድራሻውንና ኢንተራፕቱን እናንተ ትነግሩታላችሁ።

ጥያቄ፦ አድራሻውን በትክክል ሰጥተን ካርዱ ባይመልስ ከየት እንጀምራለን?

መልስ፦ በመጀመሪያ ማብሪያ ማጥፊያዎቹን እንደገና አንብቡ፤ በብዙ ካርዶች ላይ «ኦን» ማለት ዜሮ ነው፣ አንድ አይደለም። ቀጥሎ ኢንተራፕቱን ተመልከቱ፤ በአይ.ኤስ.ኤ. ላይ አንድን የኢንተራፕት መስመር ሁለት ካርዶች በደህና ሊጋሩት አይችሉም። በመጨረሻም ባዮስ ውስጥ ግቡ፤ በዘጠናዎቹ መጨረሻና ከዚያ በኋላ በተሠሩ ብዙ ቦርዶች ላይ እያንዳንዱ የኢንተራፕት ቁጥር ለፒ.ሲ.አይ. ወይም ለቀድሞው አይ.ኤስ.ኤ. እንዲመደብ የሚጠይቅ ገጽ አለ። ካርዱ 5ን ከያዘ 5ን ለአይ.ኤስ.ኤ. አስመድቡ፤ ያለዚያ ባዮሱ ባዶ መስሎት ለሌላ ይሰጠዋል።